በሰሊጥ አገር የሩሲያ ጣፋጭ፦ ከመተማ ጓዳ በሚገኝ ነገር የሚሠሩ አራት ዓይነቶች

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጣፋጭ ምግብ እንጨዋወታለን። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቤቱ ያለ አንባቢ “የጤና ዓምድ ስለ ጣፋጭ ምን ያወራል?” ይል ይሆናል። ነገሩ የተጀመረውም ከእንዲህ ያለ ቤት ነውና ከዚያው እንነሳ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዒድ አል-ፊጥር ማግስት እናቴን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። መድኃኒቷን አታዛንፍም፤ በአዘቦት ቀን ምግቧንም ትጠነቀቃለች። በዒዱ ዕለት ግን ዘመድ ጥየቃ ብላ ስድስት ሰባት ቤት ዞራለች። በየቤቱ ሻይ ቀርቧል፤ ከሻዩ ጋር ደግሞ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ በፌስታል የታሸገ ጣፋጭ። እንግዳ ሆኖ እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ባለሙያው “ትናንት ምን በሉ?” ብሎ ሲጠይቃት ሻዩን አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። የታሸገው ጣፋጭ ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ ሲጠይቃት ግን እሷም ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችንም አናውቀውም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ሥርዓት ተበጀ። ለዒድ የሚቀርበው ጣፋጭ ከቤት ይሠራል፤ ስኳሩም በማንኪያ ተሰፍሮ ይገባል። በቤት የተሠራ ጣፋጭ ለስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት ነው የሚል የለም። ስኳር በቤትም በፋብሪካም ያው ስኳር ነው። ነገር ግን የሰፈረው ሰው መጠኑን ያውቃል፣ መቀነስም ይችላል፣ ምን እንደገባበትም ይመሰክራል። ዛሬ የምናቀርባቸው አራት ዓይነት ጣፋጮች የተመረጡትም በዚሁ መለኪያ ነው።

ሩሲያና መተማ ምን አገናኛቸው?

መተማን ብዙዎቻችን የምናውቃት አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። መተማ ግን ከጦርነቱም በፊት የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር ካለው የምዕራብ አፍሪካ አገር የመጡ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች የሰፈሩባት፣ የደጋው ቡናና ሰም ወደ ሱዳን የሚሻገርባት በር ነበረች። ዛሬም ከጎንደር ተነስቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ አድርጎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ከፊቱ የሚያገኘው ትንሽ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ማዶ ገላባት አለች፤ ከገላባት አልፎ ደግሞ የሱዳን የሰሊጥ አገር ገዳሪፍ።

የምዕራብ ጎንደር ቆላም የሰሊጥ አገር ነው። በክረምት መግቢያ የተዘራው ሰሊጥ በመስከረምና በጥቅምት ሲደርስ ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ለአጨዳ ይወርዳል። ምርቱ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ ተብሎ በራሱ ስም ይታወቃል። ሰሊጥ ለረጅም ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ስማቸው ከሚነሳ የወጪ ንግድ ምርቶቻችን አንዱ ሆኖ ቆይቷል። አብዛኛው በጆንያ ሆኖ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። በምትኩ ከከተማ ሱቅ የምንገዛው ብስኩትና ከረሜላ ተጭኖ ይመጣል። ሰሊጡ የተሸጠበት ብር ከረሜላ ሆኖ የልጆቻችንን ጥርስ ሲያበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ታዲያ ሩሲያ ከዚህ ውስጥ እንዴት ገባች? በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ሄደዋል። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ሆነው ሲመለሱ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን የምግቡንም ጣዕም ይዘው ነበር። ሩሲያ ብርዷ የበረታ፣ ክረምቷ የረዘመ አገር ናት። የቀድሞ ገበሬዎቿ ጣፋጭ የሚሠሩት በጓዳቸው ካለው ነገር ነበር፦ ከማር፣ ከቅባት እህል፣ ከአይብ፣ ከደረቀ ፍሬ። ስኳር በአገሩ ረክሶ በየቤቱ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ከቀይ ሥር ዝርያ ስኳር የሚያወጡ ፋብሪካዎች ከተስፋፉ በኋላ ነው። የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ከዚያ በፊት በአብዛኛው ቤት ጣፋጭ ማለት ማር ነበር።

ስለዚህ የሩሲያን የድሮ ጣፋጮች አንድ በአንድ ብናያቸው ከመተማ ገበያ የማይገኝ ነገር ብዙም የላቸውም። ሰሊጡ አለ፤ ማሩ አለ፤ አይቡ አለ፤ ከርከዴው አለ። አንዳንዶቹ እንዲያውም እዚሁ ድልድዩ ማዶ ወንድም አላቸው።

1ኛ. ኮዚናኪ፦ ሰሊጥ በማር

ኮዚናኪ የቅባት እህል በፈላ ማር ተለውሶ፣ ተዳምጦ፣ ከዚያም የሚቆራረጥ ጣፋጭ ነው። ስሙ ወደ ሩሲያኛ የገባው ከጆርጂያኖች “ጎዚናኪ” ነው። እነርሱ ዎልነት የሚባለውን ፍሬ በማር ለውሰው ለአዲስ ዓመት ያቀርቡታል። ሩሲያውያን ደግሞ በፈረንጅ ሱፍ፣ በለውዝና በሰሊጥ ይሠሩታል። ሱዳን ውስጥ በመውሊድ ሰሞን በየገበያው የሚደረደረውን ሲምሲሚያ የቀመሰ ሰው ይህን እንግዳ አይለውም፤ አሠራራቸው አንድ ነው። ከለውዝ ሲሠራም ሱዳኖች ፉሊያ ይሉታል።

የሚያስፈልገው፦
– 200 ግራም ሰሊጥ (አንድ ተኩል የውሃ ብርጭቆ ገደማ)
– 4 የሾርባ ማንኪያ ማር
– 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
– ለትሪው መቀቢያ ጥቂት ዘይት

አሠራሩ፦ ሰሊጡን ጠጠርና አፈር እንዳይኖረው አበጥረው ይልቀሙት። ከዚያ በደረቅ መጥበሻ፣ በቀዝቃዛ እሳት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቁሉት። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ይበቃዋል፤ ከጠቆረ ይመራል። ማሩንና ስኳሩን በሌላ ድስት አድርገው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ በዝግታ ያፍሉት። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣሉ። ጠብታው ሳይሟሟ እንደ ኳስ ከተሰበሰበ ደርሷል። ሰሊጡን ጨምረው በፍጥነት ይለውሱት፤ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጠው ዘይት በነካ ጠርሙስ ወይም በመዳመጫ እስከ ጣት ውፍረት እኩሌታ ድረስ ያሳሱት። ሞቅ እንዳለ በቢላ 30 ቦታ ይቁረጡት። ከቀዘቀዘ በኋላ ለመቁረጥ ቢሞክሩ ይፈረካከሳል።

ለቆላ አንባቢዎቻችን አንድ ምክር አለን። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት በማር ብቻ የተሠራ ኮዚናኪ ይለሰልሳል፤ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ስኳር የጨመርንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያጠነክረዋል። ቁራጮቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልለው፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ብልቃጥ ከምድጃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ከላይ በሰፈርነው መጠን አንዱ ቁራጭ 3 ግራም ገደማ ስኳር ይደርሰዋል። ይህ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያነሰ ነው። ጉልበቱ ደግሞ 50 ካሎሪ ገደማ ነው። የቀረው ሰሊጥ ነው። 100 ግራም ሰሊጥ ውስጥ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 50 ግራም ቅባትና 14 ሚሊ ግራም የሚሆን ብረት አለ። ቅባቱ በአብዛኛው ለልብ ከሚስማማው ዓይነት ነው። ካልተፈተገ ሰሊጥ የሚገኘው ካልሲየምም ብዙ ነው፤ ሆኖም ልጣጩ ውስጥ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ሰውነት የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ነው። ብረቱም ቢሆን ከሻይ ጋር ሲበላ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባት እናት ኮዚናኪውን ከሻይ ጋር ሳይሆን ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ብትበላው፣ ሻዩንም ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትጠጣ ይመረጣል።

2ኛ. ኪሴል፦ የከርከዴ

ኪሴል በስታርች የወፈረ የፍሬ ጭማቂ ነው። በሩሲያ እጅግ የቆየ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ997 ቤልጎሮድ የተባለች ከተማ በጠላት በተከበበች ጊዜ ነዋሪዎቹ ኪሴል ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጠው “እኛን መሬቷ ራሷ ትመግበናለች” በሚል ዘዴ ጠላትን እንዳታለሉ የአገሩ ጥንታዊ ዜና መዋዕል ይተርካል። የያኔው ኪሴል ከአጃ የሚሠራና ኮምጣጣ ነበር። የአሁኑ ከቀያይ የጫካ ፍሬዎች ይሠራል። እነዚያ ፍሬዎች መተማ የሉም። ቀለሙም ኮምጣጣነቱም የሚመስላቸው ከርከዴ ግን በሱዳን በኩል እናውቀዋለን።

የሚያስፈልገው፦
– አንድ እፍኝ ደረቅ ከርከዴ (20 ግራም ገደማ)
– 1 ሊትር ውሃ
– 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
– 3 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች (በሱቅ ኮርን ፍላወር የሚባለው ነጭና ልስልስ ዱቄት፤ ተራው የበቆሎ ዱቄት አይሆንም)

አሠራሩ፦ ከርከዴውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገው አቧራውን ያስወግዱ። በሊትሩ ውሃ ለ5 ደቂቃ አፍልተው ለ10 ደቂቃ ከድነው ይተዉትና ያጥልሉት። ስኳሩን ጨምረው እሳት ላይ ይመልሱት። ስታርቹን በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ ከርከዴው ሲፈላ በአንድ እጅ እያማሰሉ በሌላው ቀስ እያሉ ያንቆርቁሩት። ሁለት ደቂቃ አፍልተው ያውጡት። በዚህ መጠን የሚጠጣ ወፈር ያለ ኪሴል ይሆናል። በማንኪያ የሚበላ ከፈለጉ ስታርቹን 5 ማንኪያ ያድርጉት። ቀዝቅዞ ቢቀርብ ለቆላ ሙቀት ይስማማል።

ይህ ከአምስት ብርጭቆ ያላነሰ ይወጣዋል፤ ለአንድ ብርጭቆ 7 ግራም ገደማ ስኳር ይደርሰዋል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስኳር አለው። የስኳር ሕመምተኞች ግን ስታርቹም በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት እንደሚለወጥ አይርሱ፤ ለእነርሱ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል። ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል። በመሆኑም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች አዘውትረው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

3ኛ. ሲርኒኪ፦ የአይብ ቂጣ

ሩሲያውያን ትቮሮግ የሚሉት ነገር የእኛ አይብ የቅርብ ዘመድ ነው። ሲርኒኪ ከእርሱ ተሠርቶ በመጥበሻ የሚበስል ትንንሽ ቂጣ ሲሆን በተለይ ለልጆች ቁርስ ይሰጣል።

የሚያስፈልገው፦
– 250 ግራም አይብ
– 1 እንቁላል
– 2 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄትና ለመለወሻ ጥቂት
– 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
– ቁንጥር ጨው፣ ለመጥበሻ ጥቂት ዘይት

አሠራሩ፦ አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ውሃውን ጥርግ አድርገው ይጭመቁት። ዋናው ምስጢር ይህ ነው፤ ውሃ የያዘ አይብ ዱቄት እየጠየቀ ቂጣውን ድርቅ ያደርገዋል። የእኛ አይብ ፍርክስክስ ስለሆነ በሹካ በደንብ ይደፍጥጡት፤ ቢቻል በወንፊት ያሳልፉት። ከእንቁላሉ፣ ከስኳሩ፣ ከጨውና ከዱቄቱ ጋር ለውሰው 10 ትንንሽ ድቡልቡሎች ያድርጉት። ጠፍጠፍ አድርገው በዱቄት ለወስ አድርገው፣ በጥቂት ዘይት፣ በዝግታ እሳት ሁለቱንም ወገን ይጥበሱት። ከላይ ማር በማፍሰስ ፈንታ ሁለት ሦስት የተምር ፍሬ በትንሽ ሙቅ ውሃ ደፍጥጠው ቢቀቡት ለልጆች በቂ ጣዕም አለው።

አንዱ ሲርኒኪ የሚደርሰው የተጨመረ ስኳር ከ1 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከአራቱም ስኳሩ ዝቅተኛ፣ ለሚያድግ ልጅም የሚስማማው ይህኛው ነው። ሆኖም አይብ በቆላ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። በዕለቱ የተሠራውን አይብ ይጠቀሙ፤ የተረፈውን ሲርኒኪ ለነገ አያሳድሩት። ውስጡም እርጥብ እንቁላል እንዳይቀር በደንብ ይብሰል።

4ኛ. ቻክቻክ፦ የሩሲያ ሙስሊሞች ጣፋጭ

አራተኛው ጣፋጭ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የተለየ ቅርበት አለው። በሩሲያ ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ይኖራሉ። ከእነርሱ በቁጥር ከሚበዙት አንዶቹ ታታሮች ናቸው። በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቡልጋሮች እስልምናን በይፋ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ922 ነው። ኢብኑ ፈድላን ከባግዳድ የመልእክተኞች ቡድን ጋር ወደ ንጉሣቸው ሄዶ ያየውን ጽፎ አልፏል። ታታሮች የእነዚህ ቡልጋሮች ወራሾች ነን ይላሉ። ዋና ከተማቸው ካዛን ናት። እንግዳ ሲመጣ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ዒድ ሲሆን ከማዕዳቸው የማይጠፋው ቻክቻክ ነው። በየሱቁ ሙሸበክ ለለመደው አንባቢያችን ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ሊጥ ተጠብሶ በማር የሚለወስ ነው።

የሚያስፈልገው፦
– 2 እንቁላል
– 200 ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት
– ቁንጥር ጨው
– ለመጥበሻ ዘይት
– 5 የሾርባ ማንኪያ ማር
– 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር

አሠራሩ፦ እንቁላሉን ከጨው ጋር መትተው ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ለስለስ ያለ፣ እጅ የማይዝ ሊጥ ያቡኩ። ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ሊጡን እንደ እርሳስ ቀጭን አድርገው እያድቦለቦሉ፣ በቢላ ሽምብራ በሚያህል መጠን ይቆራርጡት። ዘይቱ ሲግል በየጥቂቱ እየጨመሩ ወርቃማ መልክ እስኪይዝ ይጥበሱና ዘይቱን በወንፊት ያንጠፍጥፉ። ማሩንና ስኳሩን እንደ ኮዚናኪው አፍልተው በተጠበሰው ላይ ያፍስሱት፤ ቀስ አድርገው ይለውሱት። እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው በሰሃን ላይ እንደ ጉብታ ይሥሩት። ማሩ ትኩስ ስለሆነ ልጆች በዚህ ሰዓት ከምድጃው ይራቁ።

ይህን ለ20 ሰው ቢያካፍሉት ለአንዱ 5 ግራም ተኩል ገደማ ስኳር ይደርሰዋል። በዘይት የተጠበሰ በመሆኑ ግን ከአራቱም ከባዱ እርሱ ነው። ታታሮች ለደስታ ቀን እንዳዋሉት እኛም ለዒድና ለኒካሕ እንተወው።

ስንገዛም ስንሠራም ሐላሉን ማየት

የሩሲያ ጣፋጭ ሁሉ እንደ ላይኞቹ አይደለም። ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ አንዳንድ የቻክቻክ አዘገጃጀቶች ሊጡ እንዲንኮሻኮሽ ቮድካ ወይም ኮኛክ በማንኪያ ይጨመርበት ይላሉ። አያስፈልግም፤ ሊጡን በደንብ ማሳረፍና ዘይቱን በሚገባ ማጋል ይበቃዋል። ሮም ባባ የሚባለው ኬክም ሮም በተባለ የአልኮል መጠጥ የሚነከር ነው።

ሁለተኛ፣ ልስልስና ተለጣጭ የሆኑ የፋብሪካ ጣፋጮች፣ ማርመላታና ማርሽማሎው የመሳሰሉት፣ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለባቸው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ እንስሳው አሳማ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ተክል የሚወጣው አጋርና ከፍራፍሬ የሚወጣው ፔክቲን ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ከየትም አገር የመጣ ቢሆን ከመግዛታችን በፊት መለያውን እናንብብ። ማንበብ ካልቻልን ልጆቻችን ያንብቡልን። የከርከዴ ኪሴላችን በስታርች የሚወፍር በመሆኑ ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ ነው።

ሦስተኛ፣ ለውዝ የምንጠቀም ከሆነ ሻጋታ የያዘውን፣ ቀለሙ የተለወጠውንና የጨረተውን ለቅመን እንጣል። ሻጋታው ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ ደግሞ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ስንት ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከስኳር የሚመጣው ከመቶ አሥር እጅ በታች መሆን አለበት። ይህ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። በዚህ ሒሳብ ማርም ስኳር ነው። ሱረቱ-ነሕል ስለ ማር ፈውስነት መናገሯን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን ያለ ልክ እንድንበላው ፈቃድ አይደለም። መቶ ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም የሚያህለው ስኳር ነው፤ የስኳር ሕመምተኛም ማሩን እንደ ስኳር መቁጠር አለበት።

እስቲ የዒድን ቀን እንቁጠረው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት አንድ ሻይ 12 ግራም ነው። በአራት ቤት አራት ሻይ ማለት 48 ግራም ይሆናል። የቀኑ ድርሻ ከሻይ አልፎ ጣፋጩ ጋ ሳይደርስ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጣፋጭ ለሚቀርብበት ቀን ትልቁ መፍትሔ ሻዩን ስኳር ሳያስገቡ አቅርቦ ስኳሩን ለብቻው በማስቀመጫው ማኖር ነው። የፈለገ ይጨምር፤ ያልፈለገም ይሉኝታ ሳይዘው ይተወው። ከኮዚናኪው ሁለት ቁራጭ ስኳር ከሌለው ሻይ ጋር ሲወሰድ 6 ግራም ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

– ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ የሕፃናትን ነርቭ የሚያሽመደምድ ከባድ በሽታ ያመጣል።
– ከአራት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ጠንካራ ኮዚናኪ አይሰጥ፤ ሊያንቃቸው ይችላል። ለእነርሱ ሲርኒኪው ይሻላል።
– ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ከበሉ በኋላ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።
– የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ወርዶበት ካንቀጠቀጠው ወይም ካላበው ኮዚናኪ አይስጡት፤ የሰሊጡ ቅባት ስኳሩ ወደ ደም እንዳይደርስ ያዘገየዋል። በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ጭማቂ ይስጡት። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ያድርሱት።
– በረመዳን በተምርና በውሃ ካፈጠርን በኋላ ጣፋጩን በባዶ ሆድ አንጀምር። ከዋናው ምግብ በኋላ አንድ ሁለት ቁራጭ ይበቃል።
– ልጆች ጣፋጭ ሲበሉ በአንድ ጊዜ በልተው አፋቸውን ይጉመጥመጡ። ቀኑን ሙሉ እየቆረጠሙ መዋል ጥርስን ከብዛቱ በላይ የሚጎዳ ልማድ ነው። ሚስዋክም ሆነ የጥርስ ቡሩሽ ከመኝታ በፊት አይረሳ።

ለማጠቃለል

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ከነርሱ መካከል ሲምሲሚያና ከዕክ በቤታቸው ሲሠሩ የኖሩ እናቶች አሉ። የዚህ ዓምድ አንባቢ የሆነች የመተማ፣ የኮኪት ወይም የገንዳ ውሃ እናት ኮዚናኪን ለመሞከር ስትነሳ ከእንዲህ ያለች ጎረቤት ጋር አብራ ብትሠራ ሙያም ትማራለች፣ የጎረቤትንም ሐቅ ትወጣለች። ለአንድ ኪሎ ሰሊጥ 4 መቶ ግራም የሚሆን ማርና 10 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 150 ቁራጭ ይወጣዋል። ይህ ለራስም ለጎረቤትም ይተርፋል።

የእናቴን ነገር ጀምሬ መተዉ ደግ አይደለም። እናቴ ዛሬም በዒድ ቀን ዘመድ ጥየቃ ትዞራለች። የሚለየው ከቤት ስትወጣ በወረቀት የተጠቀለሉ ኮዚናኪዎች በትንሽ ዘንቢል ይዛ መሆኑ ነው። በየቤቱ ለልጆች አንድ አንድ ትሰጣለች፣ ለራሷም በቀን ሁለት ቆጥራ ታስቀራለች። ሻዩን ያለ ስኳር ትጠይቃለች። ሌላ ጣፋጭ ሲቀርብላት የራሷን አውጥታ ታሳያለች። በዚህ ምክንያት እስካሁን የተቀየማት የለም። እንዲያውም ሁለት ቤት አሠራሩን ጠይቀዋታል።

ውድ አንባቢያን፣ ከአራቱ አንዱን በዚህ ወር ሞክሩት፤ ስኳሩን በማንኪያ መስፈርንም አትዘንጉ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ሪዝቃችንንም ሐላልና የተባረከ ያድርግልን።